አማርኛን ተዉት፤ መጽሐፉን አምጡ

«አማርኛ እኮ ለሳይንስ የሚሆን ቋንቋ አይደለም።» ይህን የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሉት በአማርኛ ነው፤ ያውም ምክንያትን ከውጤት ለይተው፣ ማስረጃ ጠቅሰው፣ የሚመጣባቸውን ተቃውሞ አስቀድመው ገምተው። በመምህራን ማረፊያ፣ በሬዲዮ ውይይት፣ በለቅሶ ድንኳን ሳይቀር ሰምቼዋለሁ። ተናጋሪዎቹ ሁሌም የተማሩ ናቸው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው «ቋንቋዬ ማሰብ ከልክሎኛል» ሲል ገጥሞኝ አያውቅም፤ እዚህ መደምደሚያ ላይ ለመድረስ ቢያንስ ዲግሪ ሳያስፈልግ አይቀርም።

ክርክራቸውን በወጉ ላስቀምጠው፤ የተቃራኒን ደካማ ጎን ብቻ መርጦ መምታት ለማንም አይበጅምና። ሰው የሚያስበው በቋንቋ ነው ይላሉ። ቋንቋው ቃል ያላበጀለትን ነገር አእምሮ አይጨብጠውም፤ አማርኛ ደግሞ ለኢንትሮፒ፣ ለጂን፣ ለአልጎሪዝም የራሱ ቃል የለውም። በዚህ ላይ ሰምና ወርቅ ያሳደገው፣ አንዱን ብሎ ሌላውን ማለት የተካነ ቋንቋ ነው፤ ሳይንስ ግን ለአንድ ቃል አንድ ፍች ይሻል። መጽሐፉም ምርምሩም በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጅን በአገር ቋንቋ ማስተማር ከዓለም መነጠል ነው። አገሪቱ ከሰማንያ በላይ ቋንቋዎች አሏት፤ እንግሊዝኛ የማንም ስላልሆነ ለማንም አያዳላም። ለዚህ ሁሉ መደገፊያ የሚሆነው ደግሞ የሥነ ልቦና ሊቃውንት ሙከራ ነው፤ ቋንቋ አስተሳሰብን እንደሚቀርፅ ተረጋግጧል ይባላል።

ከእነዚህ ውስጥ የመጽሐፉ ጉዳይ ቁም ነገር አለው፤ እመለስበታለሁ። የቀረው ውሃ አያነሳም።

ከሙከራው ልጀምር። ቋንቋ የአስተሳሰብ አጥር ነው የሚለውን ሐሳብ በዓለም ካስፋፉት ሁሉ የሚልቀው ቤንጃሚን ሊ ዎርፍ ነው። ሰውዬው በአንድ የአሜሪካ የእሳት አደጋ ኢንሹራንስ ኩባንያ እየሠራ የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ያጠና ነበር። ከእነዚህ አንዱ የሆነው የሆፒ ቋንቋ ለጊዜ ቃልም ሰዋስውም የለውም፣ ስለዚህ ሆፒዎች ጊዜን እንደ አውሮፓውያን አያስቡትም ብሎ ጻፈ። በ1983 እ.ኤ.አ. ኤከሃርት ማሎትኪ የተባለ ተመራማሪ ከ600 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ አወጣ። የሆፒዎችን የጊዜ ቃላት፣ የቀን አቆጣጠር፣ የግሥ ጊዜያት አንድ በአንድ ዘረዘረ። ዎርፍ የሳተው የሰዎቹን አእምሮ ብቻ ሳይሆን ቋንቋቸውንም ነበር። መጽሐፉን ግን ማን አነበበው? ዎርፍ ዛሬም በየመድረኩ ይጠቀሳል፤ ማሎትኪን የሚጠራው የለም።

ደግሞስ በዎርፍ ሚዛን እኛ ስንመዘን ምን ልንባል ነው? ሰዓታችን የሚነሳው ከንጋት ነው፤ ዓመታችን 13 ወር አለው። ቦሌ ያለች የትኬት ሠራተኛ ለደንበኛዋ በስልክ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይነሳል» ስትል ዓይኗ ያለው ኮምፒውተሩ ላይ ካለው 8:00 ላይ ነው። ሁለት አቆጣጠር በአንድ ትንፋሽ ትለዋውጣለች፤ አእምሮዋ አልተሰነጠቀም፣ አውሮፕላኑም አላመለጠም።

ከዎርፍ ወዲህ የተሠሩ ጠንቃቃ ጥናቶች አሉ፤ እነሱን አልክድም። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደማቁንና ፈዛዛውን ሰማያዊ በሁለት የተለያዩ ስሞች የሚጠሩ የሩሲያኛ ተናጋሪዎች በሁለቱ ስሞች ድንበር ላይ ያሉትን ቀለሞች ፈጠን ብለው እንደሚለዩ አሳይቷል። ልዩነቱ ከአንድ ሰከንድ እጅግ ያነሰ ነው። እነዚያው ሰዎች በልባቸው ቁጥር እየደጋገሙ ቀለም እንዲለዩ ሲደረግ ደግሞ ብልጫው ጠፋ። ቁጥር በመደጋገም የሚጠፋ ነገር እንዴት አድርጎ የአስተሳሰብ አጥር ይሆናል? በብራዚል አማዞን የሚኖሩት ፒራሃዎች ነገር ከዚህ ይከብዳል፤ ቋንቋቸው ትክክለኛ የቁጥር ቃላት የሉትም። ዕቃው ዓይናቸው ሥር ሲደረደር አንድ ለአንድ ያመሳስሉታል፤ ሲሸፈንና በቃል መያዝ ሲኖርባቸው ይስታሉ። ስለዚህ የቁጥር ስም ለማስታወስ የሚረዳ መሣሪያ ነው። ይህን በደስታ እቀበላለሁ። መሣሪያ ግን ይሠራል፣ ይገዛል፣ ይዋሳል። መሣሪያ የጎደለውን ሰው «እጅ የለህም» ማለት የመጣው ከየት ነው?

ከሁሉ የሚያስቀኝ የቁጠባው ነገር ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ኪት ቼን የተባለ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ የትንቢት ጊዜን ከአሁኑ ለይተው የማያመለክቱ ቋንቋዎች ተናጋሪዎች የተሻለ ይቆጥባሉ የሚል ጥናት አሳተመ። ዓለም ጉድ አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ራሱ ቼን ከሌሎች ጋር ሆኖ የቋንቋዎቹን ዝምድና ከግምት አስገብቶ ሲመረምረው ግንኙነቱ በእጅጉ ሳሳ። እኛ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ይነገራል፤ አማርኛ የወደፊትን ጊዜ በቅጡ ስለማይለይ አርቀን አናቅድም ይባላል። አንዱ ሰዋስው በአንዱ አገር ቆጣቢ፣ በሌላው አገር አባካኝ የሚያደርግ ከሆነ ሥራውን የሚሠራው ሰዋስው አይደለም። ዕቁብ የምትጥል እናት ተራዋ መቼ እንደሚደርስ ስታሰላ የግሥ እርባታ ሲቸግራት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አሁን ወደ ቃል እጥረቱ እንምጣ። እዚህ ላይ የራሳችን ታሪክ ምስክር ነው፤ ምስክሩን ግን ማንም አይጠራውም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ መደብ ትግል የሚከራከሩበት መጽሔታቸው፣ «ስትራግል»፣ በእንግሊዝኛ ነበር የሚታተመው። ያኔ አንድ ሰው ተነስቶ «አማርኛ ማርክስን አይችልም፣ ቃል የለውም» ቢል ትክክል ይመስል ነበር። አብዮቱ ፈነዳ፤ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ርዕዮተ ዓለም፣ ቁስ አካል፣ ወዛደር፣ ንዑስ ከበርቴ፣ አድኅሮት የየዕለት ቃላት ሆኑ። በ1968 ዓ.ም. በአዲስ ዘመን «አብዮታዊ መድረክ» ዓምድ ላይ ኢሕአፓና መኢሶን ስለ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥትና ስለ ዴሞክራሲ ሽንጣቸውን ገትረው የተሟገቱት በአማርኛ ነው። ተራማጅ መዝገበ ቃላት ወጣ። ገበሬው በገበሬ ማኅበር ስብሰባ ላይ ስለ ቢሮክራሲያዊ ካፒታሊዝም ተናገረ። የጀርመን ፍልስፍናን የቻለ ቋንቋ ኦስሞሲስ ያቅተዋል?

ነገሩ ግን ሌላም ጎን አለው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው እሱ ነው። ያን ጊዜ ቃሉ በሁሉም አፍ ላይ ነበር፤ ሐሳቡ ግን በሁሉም ልብ አልነበረም። ቃሉን ጥርት አድርጎ የሚጠራ ካድሬ ፍቹን ቢጠየቅ ሌላ መፈክር ነበር የሚመልሰው። ቃል ማግኘት ማሰብን አላመጣም፤ ቃል ማጣትም ማሰብን አልከለከለም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ጥያቄ መጠየቅ፣ መከራከር፣ ሲሳሳቱ መታረም ነው። በዚያ ዘመን መታረም የሚባለው ነገር የሚያልቀው በምን እንደነበር እናውቃለን።

ቃል የሌለው ሰው እንዴት እንደሚያስብ ማየት የፈለገ ሶማሌ ተራ ሄዶ አንድ ጋራዥ በር ላይ ይቁም። መኪናው ይንገጫገጫል፤ ጉልበት አጥቷል። መካኒኩ ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ ፈትቶ በጨርቅ ላይ በተራ ያስቀምጣል። ሦስቱ ጫፋቸው ቡናማ ነው፤ አንዱ ጥላሸት ለብሷል። ለማጁ «ካንዴላው ሞቷል» ይላል። «ቆይ» ይላል መካኒኩ። «ከጎረቤቱ ጋር ቦታ እንለዋውጣቸውና እንየው። ጥፋቱ አብሮት ከሄደ እሱ ነው፤ እዚያው ከቀረ ካንዴላው ነፃ ነው፣ ገመዱን እናያለን።» የአንድን ምክንያት ከሌላው መለየት፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ አንዱን ብቻ መለወጥ፣ ውጤቱ ከመታወቁ በፊት ትንበያውን መናገር፤ የሙከራ ሳይንስ መሠረቱ ይኸው ነው። ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፤ ስሞቹ ከጣሊያን የመጡ ናቸው። አስተሳሰቡን የተሸከሙት «ከሄደ»፣ «ከቀረ»፣ «ነው»፣ «አይደለም» ግን ከማንም አልተዋሱም። እንግሊዝኛም ቢሆን ኦክስጅን የሚለውን ቃል ያገኘው ከግሪክ ሥር ቃል ከቀመረ ፈረንሳዊ ነው፤ በዚህ ምክንያት እንግሊዝኛ ለኬሚስትሪ አይሆንም ያለ የለም። ኒውተን ትልቁን መጽሐፉን በ1687 እ.ኤ.አ. ያሳተመው በላቲን ነበር፤ ስለ ብርሃን የጻፈውን በ1704 በእንግሊዝኛ አወጣ። በእነዚህ 17 ዓመታት ውስጥ እንግሊዝኛ አእምሮ አብቅሎ ነው?

የሃይፋው ታሪክ ደግሞ የእኛን ክርክር ቃል በቃል ይመስላል። በ1913 እ.ኤ.አ. ሃይፋ ላይ ሊከፈት የታሰበውን የቴክኒክ ተቋም የሚደግፈው የጀርመን አይሁዶች ማኅበር ነበር፤ ሳይንስ በጀርመንኛ ይሰጥ ተባለ። ምክንያታቸው ሞኝነት አልነበረም። ጀርመንኛ የዘመኑ የሳይንስ ቋንቋ ነበር፤ ዕብራይስጥ ደግሞ ለዘመናት በዋናነት የጸሎትና የመጽሐፍ ቋንቋ ሆኖ የቆየ፣ የዘመናዊ ምህንድስና ቃላትም የመማሪያ መጽሐፍም የሌሉት ነበር። መምህራንና ተማሪዎች አድማ መቱ። ውሳኔው ተቀለበሰ፤ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሥራውን አዘገየው፤ ተቋሙ በ1924 ማስተማር ሲጀምር የማስተማሪያው ቋንቋ ዕብራይስጥ ሆነ። ዛሬ ቴክኒዮን የሚባለው ይኸው ተቋም የኖቤል ተሸላሚ ሳይንቲስቶች አሉት። ከጎንደር የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ልጆችም እስራኤል ውስጥ ፊዚክስን የሚማሩት በዚያው «ቃል የለውም» በተባለው ቋንቋ ነው። እንግዲህ የአማርኛ ዘመድ የሆነው ሴማዊ ቋንቋ የቻለው አማርኛን የሚያቅተው በምን ባሕርዩ ነው? የጎደለው ባሕርይ ሳይሆን አድማ የመታ መምህር ነው ብል አልተሳሳትኩም።

ሰምና ወርቅ ወደተባለው ክስ ልለፍ። ክሱ የአሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት የዶናልድ ሌቪን ጥላ አለበት። በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ዋክስ ኤንድ ጎልድ» የአማራን ባህል በአሻሚነት መነጽር አይቶ ይህ ልማድ ዘመናዊው ኑሮ ከሚፈልገው ግልጽነት ጋር እንደሚጋጭ ተከራከረ። ሌቪን ራሱ የአሻሚነትን ጥቅም አልሸሸገም፤ የእሱን መጽሐፍ በወሬ የሚያውቁ ተከታዮቹ ግን ነገሩን «አማርኛ ቀጥ ያለ ነገር መናገር አይችልም» ወደሚል አወረዱት። በመጀመሪያ፣ የቅኔ ቤቱ ቋንቋ በዋናነት ግዕዝ ነው። ሁለተኛ፣ ሰምና ወርቅ የሚቀኝ ሰው ሁለቱን ፍች አጥርቶ የለየ ሰው ነው፤ ሰሙን ከወርቁ የሚያደባልቅ ተማሪ ቅኔው ይበላሽበታል። ሆን ብሎ ማሻማት የሚችለው ፍች በእጁ የሆነለት ብቻ ነው። የእንግሊዝ ባለቅኔዎችስ በአንድ ቃል ሁለት ነገር ሲሉ አልኖሩም?

ሦስተኛው መልስ ከሁሉ ይበልጥብኛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን 3,367 አንቀጾች አሉት። ረቂቁን ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ አዘጋጀው፤ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ። በትርጉሙ ውስጥ ስህተት የለም አልልም፤ የሕግ ባለሙያዎች ለዓመታት ሲነቅሱት ኖረዋል። ግን ሁለቱ ቅጂዎች ሲለያዩ የቱ ነው የሚገዛው? አማርኛው። ይህ «አሻሚ» የተባለ ቋንቋ የሚሊዮኖችን ውርስ፣ ሽያጭ፣ ይርጋና አላባ ከስልሳ ዓመት በላይ ሲለይ ኖሯል። የሕግ ተማሪው አምስት ዓመት በእንግሊዝኛ ተምሮ ፌዴራል ፍርድ ቤት የሚቆመው በአማርኛ ለመከራከር ነው። ቀጥ ያለ ነገር የማይነገርበት ቋንቋ ቢሆን ማን ቤቱን በአማርኛ ውል ይሸጥ ነበር?

እግረ መንገዴን ለሌላው ወገንም አንድ ነገር ልበል፤ ይህን ሲያነብ እያጨበጨበ ሊሆን ይችላልና። ግዕዝና አማርኛ ሌላ ቋንቋ የማይደርስበት ምሥጢር አላቸው፣ ፈረንጅ የኛን ሐሳብ ሊያስበው አይችልም የሚሉ አሉ። እነዚህ ከናቂዎቹ ጋር የሚጣሉ ይመስላቸዋል እንጂ የቆሙት አንድ መሬት ላይ ነው። ሁለቱም ቋንቋን የሐሳብ እስር ቤት አድርገውታል፤ አንዱ እስር ቤቱን ይረግማል፣ ሌላው ቤተ መንግሥት ነው ይላል። የግዕዝ ሥነ ጽሑፍ ራሱ ከግሪክና ከዐረብኛ በተተረጎሙ መጻሕፍት የተገነባ ነው። ምሥጢር ከቋንቋ ቋንቋ የማይሻገር ቢሆን ኖሮ የምንመካበት የብራና ክምር ግማሹ ባልኖረ።

ክርክሩ የቃላት ጨዋታ ቢሆን ኖሮ እተወው ነበር። ዋጋ የሚከፍለው ግን ልጅ ነው። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እንዲሆን ወሰነ፤ በአንዳንድ አካባቢ ከዚያም ቀደም ብሎ ይጀምራል። «ማተር ኢዝ ኤኒቲንግ ዛት ሃዝ ማስ ኤንድ ኦኪዩፓይስ ስፔስ።» የማያስታውስ አለ? አርባ ዓመት የሞላው ነጋዴ ከእንቅልፉ ብትቀሰቅሰው ሳይሳሳት ይወጣዋል። ማስ ከክብደት በምን ይለያል በሉት፤ ዝም ይላል። በአማርኛ ንገሩት፦ አንድ ኪሎ ስኳር ጨረቃ ላይ ብትወስድ ስኳሩ አይጎድልም፤ ሻይህንም ያው ያጣፍጣል፤ እጅህ ላይ ግን ይቀልሃል። ሳይቀንስ የቀረው ማስ ነው፣ የቀለለው ክብደት። አበቃ። ይህን ለማለት አካዳሚ አላስፈለገኝም።

መምህራኑ ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። በእንግሊዝኛ ያነብባሉ፣ ያስገለብጣሉ፤ ከዚያ የክፍሉ ፊት ሲጨልምባቸው ወይም ከኋላ «ቲቸር፣ በአማርኛ» የሚል ድምፅ ሲመጣ ወደ አማርኛ ይገባሉ፤ ያኔ ጥያቄ ይጀመራል። ትምህርቱ የሚካሄደው በዚያች ሰዓት ነው። የሚያሳዝነው መምህሩ ያንን የሚያደርገው ሕግ እንደጣሰ ሰው መሆኑ ነው። ማብራሪያው መጽሐፍ ውስጥ የለም፣ ሰሌዳ ላይ አይጻፍም፣ ፈተና ላይ አይመጣም። ልጁ የገባውን ነገር በማይገባው ቋንቋ ይጠየቃል፤ ሲወድቅ ደግሞ ሳይንስ አይገባውም ይባላል። በ1999 ዓ.ም. ለትምህርት ሚኒስቴር የቀረበ ጥናት ስምንት ዓመት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በ8ኛ ክፍል አገር አቀፍ ምዘና በሂሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቶ ነበር። የ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመንን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ደግሞ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። የሰሜኑ ጦርነት፣ የኮሮና ወረርሽኝ፣ የትምህርት ቤቶቹ ድህነት ሁሉ በዚህ ቁጥር ውስጥ እጃቸው አለበት፤ ቋንቋ ብቻውን አደረገው አልልም። ቋንቋ እጁ የለበትም የሚለኝን ሰው ግን አንድ የገጠር 9ኛ ክፍል ገብቶ እንዲቀመጥ እጠይቀዋለሁ።

እንግሊዝኛ ለማንም አያዳላም? ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ለሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት መክፈል ለሚችለው ያዳላል እንጂ። በብሔር ባያዳላ በኪስ ያዳላል። ይህን ስል ደግሞ አማርኛ ተናጋሪው ወገኔ ደረቱን እንዳይነፋ፤ እንግሊዝኛ በአማርኛ ላይ የሚለውን እሱ ሲዳምኛና ኦሮምኛ ላይ ሲለው ኖሯል። «በኦሮምኛ ኬሚስትሪ? እንዴት ይሆናል?» የሚል ሳቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በኦሮሚያ ልጆች እስከ 8ኛ ክፍል ሳይንስን በኦሮምኛ ሲማሩ ሠላሳ ዓመት አልፏል፤ ሳቁ ግን አልቆመም። ስለ አማርኛ የተናገርኩት ሁሉ ለእነዚህም ይሠራል፤ የማይሠራ ከሆነ ለአማርኛም አይሠራም።

የቀረው የመጽሐፉ ነገር ነው። ምርምሩ በእንግሊዝኛ መሆኑ አይካድም፤ ሐኪምና መሐንዲስ ሊሆን የሚሻ ሁሉ እንግሊዝኛን ጠንቅቆ ማወቅ አለበት። ግን ቋንቋን መማርና በቋንቋው መማር ለየቅል ናቸው። እንግሊዝኛን በጎበዝ መምህር እንደ ትምህርት ዓይነት ማስተማርን የሚከለክል የለም። እንዲያውም ዛሬ ያለው አሠራር ሁለቱንም አሳጥቶናል፤ ልጁ ፊዚክሱን ሳይጨብጥ፣ እንግሊዝኛውንም ሳይችል ይወጣል። «መጽሐፍ ስለሌለ በአማርኛ አናስተምርም፤ በአማርኛ ስለማናስተምር መጽሐፍ አይጻፍም» የሚለው አዙሪት የሰው ውሳኔ እንጂ የሰዋስው ሕግ አይደለም። የሳይንስና የቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በአማርኛ ተዘጋጅቶ ታትሟል፤ በስንት ክፍል ውስጥ ነው የተከፈተው?

ክርክሩ ይቀጥል የሚል ካለ በዚህ ይቀጥል፦ ከ12ኛ ክፍል የፊዚክስ መጽሐፍ አንድ፣ አንድ ብቻ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በትግርኛም ሊብራራ የማይችል ሐሳብ ጥቀሱልን። ስሙ የተዋሰ ቃል ቢሆን ግድ የለም፤ ካንዴላም የተዋሰ ነው። ካልተገኘ ግን አማርኛን ተዉትና ወደሚመለከተው ሰው ዙሩ። መጽሐፉን ያላስጻፈው፣ ፈተናውን በሁለት ቋንቋ ያላቀረበው፣ በአማርኛ ያስረዳውን መምህር ያሳቀቀው ማን ነው? አማርኛ በጀት አይመድብም፣ ሥርዓተ ትምህርት አያጸድቅም፣ ማተሚያ ቤት የለውም። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ሰዎች ናቸው፤ ስምም ወንበርም አላቸው።